ሰባተኛዋ ብልቃጥ ቅቤ ተራ ስትገባ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የደረስኩት ዓርብ ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በትከሻዬ ልብስ የያዘች ትንሽ ቦርሳ፣ በእጄ ደግሞ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ይዣለሁ። የሚኒባሱ ረዳት ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ አለ።

«ምንድነው የያዘው?»

«ቅቤ ነው።»

«ታዲያ ቅቤ መች ይሰበራል? ላይ ይሁን!»

ሳጥኑ ውስጥ የሦስት ዓመት ልፋቴ እንዳለ በዚያ ብርድ ቆሜ ማስረዳት አልቻልኩም። ለሳጥኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩና በመስኮት በኩል እንደ ተሳፋሪ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ቀበቶ ቢኖር ኖሮ አስርለት ነበር።

እስቲ ለምን እንደተነሳሁ ልንገራችሁ። የምሠራው አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ እነሳለሁ፣ ይዤው እተኛለሁ፤ የላም ግት ውስጥ ያሉት ህዋሳት ምን ያህል ቅባት እንደሚሠሩ የሚወስነው ማነው? መኖም ይወስናል፣ ዝርያም ይወስናል። ከእነሱ ሌላ ግን እዚያው ህዋሱ ውስጥ ሆነው ሥራውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ማይክሮ አርኤንኤ ይባላሉ። የአንዷ ርዝመት ሃያ ሁለት ፊደል ገደማ ነው፤ ረዘም ያለ የሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ቢጻፍ ይስተካከላታል። ህዋሱ ቅባት ሊሠራ ሲል ከዘረመሉ የተቀዳ መልእክት ወደ ሥራ ቦታው ይላካል። ትንሿ አርኤንኤ መልእክቱ ላይ ትለጠፍና ሳይነበብ ታስቀረዋለች። መልእክቱ ካልተነበበ ቅባት የሚሠራው ኢንዛይም አይመረትም። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስታኛለች።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ለማየት ላሟን መቁረጥም መውጋትም አያስፈልግም። የቅባት ጠብታ ከህዋሱ ተገፍታ ወደ ወተቱ ስትወጣ የህዋሱን ሽፋን ለብሳ ነው የምትወጣው፤ አንዳንዴም ከውስጡ ቁራሽ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ የወተቱን ቅባት በጥንቃቄ ከያዝነው ግቱ ውስጥ የነበረችውን አርኤንኤ እዚያው እናገኛታለን። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ያየሁ ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ጨፍሬአለሁ።

ግቱ ቅባት የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። አንዱን ህዋሳቱ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሌላውን ተዘጋጅቶ ከደም ይቀበላሉ። ራሳቸው የሠሩት የበዛበት ቅቤ ጠንከር ይላል፤ ከደም የመጣው የበዛበት ለስለስ ይላል። እኔ የምከታተላት ትንሿ አርኤንኤ የምታስቀረው ህዋሳቱ ራሳቸው የሚሠሩበትን መልእክት ነው። እንግዲህ እሷ በበዛችበት ላም ወተቱ ቅባት ያንሰዋል፣ ቅቤውም ይለሰልሳል ብዬ ተነሳሁ። ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር ከአስራ አንድ ቤት፣ ከአስራ አንድ ላም ናሙና ወሰድኩ። አስሩ ልክ እንዳልኩት ሆኑ። ሰባተኛዋ ግን ጉድ አደረገችኝ። ወይዘሮ ሸምሲያ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ላሟ የእሳቸው ናት፤ ቡሬ ትባላለች። ቡሬ ውስጥ ትንሿ አርኤንኤ ከሁሉም በዝታ ተገኘች፤ ከዚያ ቤት ያመጣሁት ቅቤ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ቅባቱም የተረፈረፈ ነው።

አለቃዬ ዶክተር ታደለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ስላልተስማማችሽ ብቻ ሰባትን አውጥተሽ አትጥያትም፤ እንዲህ ያለ ሳይንስ የለም። ለምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ የሚወድቀው ሐሳብሽ ነው» አሉኝ። ሰኞ ደግሞ ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚባልበት ስብሰባ አለ።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የጠረጠርኩት ሴትዮዋን ነበር። ሸምሲያ ቅቤው ላይ ባዕድ ነገር ቀላቅለውበታል ብዬ በልቤ ጨርሼአለሁ። የመንደሩን ሴቶች ቅቤ የሚረከቡት መርካቶ ቅቤ ተራ ያሉ እትዬ ራህመት የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። ማሽን ከሚነግረኝ በፊት የቅቤ ሰው ይንገረኝ ብዬ አስራ አንዱን ብልቃጥ በረዶ ላይ ደርድሬ ተነሳሁ።

ሸኖ፣ አንድ ሰዓት

ጫጫን ስናልፍ ነጋ። ሜዳው ውርጭ ለብሷል፤ ከብቶቹ እንፋሎት እየተነፈሱ ይወጣሉ። ሸኖ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመና ግማሹ ተሳፋሪ ቅቤ ሊገዛ ወረደ። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ለልጃቸው አራስ ቤት የሚወስዱት ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝተው ተመለሱና ወደ ሳጥኔ አዩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ከደብረ ብርሃን ቅቤ ይዘሽ ሸኖን ዘለልሽው?»

«የእኔ የሚበላ አይደለም አባቴ፣ ለምርመራ ነው።»

«የማይበላ ቅቤ!» አሉና ለጎናቸው ሰው ነገሩት። እስከ ሰንዳፋ ድረስ የመኪናው ወሬ የማይበላ ቅቤ የያዘችው ልጅ ሆነች። ለገጣፎ ላይ መንገዱ ተጨናነቀ። ላምበረት ወርደን፣ ከመገናኛ ሌላ ታክሲ ይዤ ተክለ ሃይማኖት ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ከዚያ ወዲያ ታክሲው ከሚሄድ እኔ ብሄድ እንደሚሻል ገባኝና በእግሬ ገባሁ።

መርካቶ፣ አምስት ሰዓት

መርካቶን የማውቃት ልብስና የቤት ዕቃ ለመግዛት ነው። የበረዶ ሳጥን አቅፎ መግባት ሌላ ነገር ነው። «ዞር! ዞር! ጀርባ!» የሚሉ ተሸካሚዎች በአራት በኩል ይመጣሉ። አንዱ የፍራሽ ቁልል ተሸክሞ ሳጥኔን ገጨኝና «ይቅርታ እህቴ!» ብሎ ሳይዞር ሄደ። ከፍቼ ቆጠርኩ፤ አስራ አንዱም አሉ። ጣቃ ጨርቅ ከሚሸጥበት ወጥቼ፣ ሳሙና ከሚሸተው መተላለፊያ ገብቼ፣ ሁለቴ ጠፍቼ ሁለቴ ተመራሁ። በመጨረሻ አፍንጫዬ ራሱ መራኝ።

ቅቤ ተራ ወለሉ ያንሸራትታል። በግራም በቀኝም በኮባ የተጠቀለለ፣ በፕላስቲክ ባልዲ የተሞላ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቅቤ ተደርድሯል። ሌላው መንገደኛ ቅቤ ያያል፤ እኔ የማየው የስንት ሺህ ላም ግት ሥራ ነው። ያ ሁሉ ቅባት ህዋስ ውስጥ ሲሠራ፣ ስንት መልእክት ተነቦ ስንቱ ታግዶ እዚህ ደረሰ? ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ አንዱን ባልዲ ፈገግ ብዬ አየሁት። ባለቤቱ ሦስት ኪሎ የምገዛ መስሎት መመዘን ጀመረ።

እትዬ ራህመት ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ስልካቸውን ሻሻቸው ውስጥ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እያወሩ ሁለት እጃቸው የሚሠራ ሴት ናቸው።

«እትዬ ራህመት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ስንት ኪሎ?»

«ልገዛ አይደለም የመጣሁት።»

«እንግዲያው ዞር በይ ልጄ፣ የሚገዛ ይለፍ።»

ዞር አልኩ። ከሁለት ገዢ በኋላ ከወይዘሮ ሸምሲያ መንደር እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ይሄኔ ስልኩን ከሻሻቸው አወጡት። «ዛሬ ጁምዓ ነው። ሰው ለሶላት ሲሄድ ገበያው ጋብ ይላል፤ ያኔ ነይ። አሁን ብታወሪኝም አልሰማሽም» አሉ።

ጥግ ላይ ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ጎመን ክትፎ በቆጮ አዘዝኩ። ቅቤው ሳህኑ ዳር ላይ ቀልጦ ሲረጋ እያየሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት በሰዓቴ ያዝኩ። አስተናጋጇ ዘግይታ ያመጣችብኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በጁምዓ ሰዓት

አዛኑ ሲሰማ ግማሹ ሱቅ መጋረጃ ጣለ፤ ወንዶቹ መስገጃቸውን በትከሻቸው ጥለው ወደ መስጊዱ ጎረፉ። መርካቶ እንዲህ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። እትዬ ራህመት ከፔርሙስ ሞቅ ያለ ውኃ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ፤ በንጹህ ጨርቅ አደረቁ። «ጣት ካልጸዳ ቅቤ አይናገርም» አሉ። ብልቃጦቹን ደረደርኩላቸው። ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። የእኔን ወረቀት፣ ትንሿ አርኤንኤ በየትኛው ላም ስንት እንደሆነች የተጻፈበትን፣ ገልብጬ በረዶ ሳጥኑ ሥር አደረግሁት።

ከእያንዳንዱ የምስር ፍሬ የምታህል እያነሱ እጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቡና ሲሟሟ ያዩታል። ከዚያ ያሸታሉ። ከዚያ ጫፏን ወደ ምላሳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄደው ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ሁለቴ አሸተቱ፤ ክዳኗን መልሰው ለብቻዋ ገፉአት።

«ይቺ ከነሱ ጋር አትቆጠርም።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «አውቄዋለሁ! ባዕድ ነገር አለበት ማለት ነው አይደል? ወይዘሮ ሸምሲያ ቀላቅለውበታል!»

የእትዬ ራህመት ፊት ተለወጠ። «ምን አልሽ?»

«ማለቴ... ከቁጥሩ ጋር አልሄድ ስላለኝ...»

«የሸምሲያ ቅቤ ነው ባዕድ ያለበት የምትዪው? አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ኮባውን ሳልፈታ ለደንበኛ የማስረክበው ቅቤ? በያ፣ ብልቃጥሽን ሰብስቢና መንገድሽን ያዢ!»

የሰው ስም ያለማስረጃ አጥፍቼ፣ ደግሞ ሊረዳኝ በሚችለው ብቸኛ ሰው ፊት ነው ያጠፋሁት። ተንበርክኬ ነበር ማለት ይቻላል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሦስቱን ዓመት፣ የሰኞውን ስብሰባ፣ ቡሬን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«የተማረ ሰው ችግሩ መቸኮሉ ነው። ተቀመጪ። ሸምሲያ ባዕድ አልጨመረችም። ይሄ ግን የአንድ ላም ቅቤ አይደለም። የውጆ ቅቤ ነው።»

«ውጆ ምንድነው?»

እንዲህ ነው። አንድ ሁለት ላም ብቻ ያላቸው ጎረቤታሞች፣ የአንዷ ወተት ለብቻው ቢናጥ ቅቤው እዚህ ግባ የማይባል ስለሚሆን፣ ይሰባሰባሉ። አንድ ሳምንት የሁሉም ወተት ለአንዷ ይገባል፤ እሷ አጠራቅማ ትንጥና ወፍራም ቅቤ ታወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላዋ ነው። እየዞረ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

«በምን አወቁ?» አልኩ።

«ሽታው ነዋ! የፋጉሎ ሽታ አለው፤ የእንሰት ቅጠልም ይሸታል። ሸምሲያ ፋጉሎ የምትገዛበት ምን አቅም አላት? ፋጉሎ የምትቀልበው ጎረቤቷ ናት። ደግሞ መቼ ነው የሄድሽው?»

«ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት።»

«ታዲያ! የሷ ተራ ነበራ! በዚያ ሳምንት ነው ያንን የሚያህል ጥቅል የላከችልኝ። ጣሪያዋን ቆርቆሮ አለበሰችበት።»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። አርኤንኤውን የወሰድኩት በቀጥታ ከላሟ፣ ሲታለብ ነበር። ቅባቱን ለመለካት ግን ብልጥ ነኝ ብዬ ከማሰሮ ወሰድኩ። የአንድ ጊዜ እልቢ ያሳስታል፤ የጠዋቱና የማታው ይለያያል፤ የሳምንት ጥርቅም ግን አማካዩን ይነግረኛል ብዬ ነው። ማሰሮው የወይዘሮ ሸምሲያ፣ ቤቱ የእሳቸው፣ ላሟ ደጅ ታስራለች። ወተቱ የስንት ላም እንደሆነ መጠየቅ ወደ ሐሳቤ አልመጣም። ቅጼ ላይ የላሟ ዕድሜ አለ፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ አለ፣ የቀንዷ ቅርጽ እንኳ አለ። ውጆ የሚል መስመር የለም።

«የቀሩትን አስር ለምን አልደረድርልሽም?» አሉ እትዬ ራህመት። እንደ ተራ ነገር ነው ያሉት። ጠንካራውን ወደ ግራ፣ ቶሎ የሚሟሟውን ወደ ቀኝ እያደረጉ አስሩን አሰለፉ። ሳጥኔን አንስቼ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ትንሿ አርኤንኤ ካነሰችበት ላም ጀምሬ ወደበዛችበት እያነበብኩ ብልቃጦቹን በጣቴ ተከተልኩ። አራተኛውና አምስተኛው ቦታ ተለዋውጠዋል። ሌላው አንድ በአንድ ያው ነው!

ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ መርካቶ መሃል እልል አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሌላዋ ነጋዴ ብቅ ብላ «ልጅ ተዳረ እንዴ?» አለች። እኔ በዚያ ሁሉ ማሽን ያገኘሁትን ሴትዮዋ በእጃቸው ጀርባ አገኙት።

«በይ አሁን ያቺን ወረቀት አስረጂኝ» አሉ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው። «ምን ተጽፎ ነው እንዲህ የሚያስጮኽሽ?»

«እርስዎ ለመጋዘን ሰው ብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይልካሉ እንበል፤ ይህን ያህል ቅቤ አዘጋጅ ብለው። መንገድ ላይ አንዷ ወረቀቱን ይዛ አስቀረችው። መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኛ አለ፣ ዕቃ አለ፤ ትእዛዙ ግን አልደረሰም።»

«ቅቤ አይወጣም።»

«አይወጣም። ላሟ ግት ውስጥ ያለችው ትንሽ ነገር ሥራዋ ይኸው ነው።»

«ክፉ ናት ማለት ነው?»

«አይደለችም። ህዋሱ ያለልክ እንዳይሠራ ልጓም ናት። አንዳንዷ ላም ላይ በዝታ ነው።»

«እንግዲያው ቡሬ ላይ ከበዛች፣ የቡሬ ቅቤ ለብቻው ቢናጥ ትንሽና ለስላሳ መሆን አለበታ!»

ይህን እኔ ማለት ነበረብኝ። ቀደሙኝ። ወዲያው ስልካቸውን አንስተው ደወሉና በቋንቋቸው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ረጅም ሰላምታ ነው፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ ተጠየቁ። ከዚያ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው በአማርኛ ቀጠሉ።

«ሸምሲያ፣ ያቺ ወተት የወሰደችው ልጅ እዚህ ናት። የቡሬን ወተት ለብቻው ንጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ትላለች።»

ወይዘሮ ሸምሲያ ሳቁ። «የቡሬን? ወተቷማ አልሃምዱሊላህ ብዙ ነው። ቅቤዋ ግን ሲኒ አይሞላም። የወጣውም ቢሆን እጅ ላይ እንደ ዘይት ይፈሳል። ለዚህ አይደል እንዴ ውጆ የገባሁት!»

ባዶ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት የፈለግሁት መልስ በአንድ ስልክ ተነገረኝ። ደግሞ ቁጥሬን አበላሸብኝ ያልኩት ውጆ፣ ወይዘሮ ሸምሲያ የገቡበት ምክንያት ራሱ የእኔ ግኝት ነው።

«ጎረቤቶችዎስ አያጉረመርሙም?» አልኩ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ። «እርስዎ የሚሰጡት ወተት ቅቤ ከሌለው?»

«ውጆ የሚሰፈረው በወተት ነው ልጄ። እነሱም ያውቃሉ። ምን ይበሉኝ፣ ጎረቤት አይደለን?»

ዶክተር ታደለ ወሬ ይዤ ብሄድ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። የቡሬን ብቻ ወተት ማግኘት እችል እንደሆነ ጠየቅኩ። እትዬ ራህመት ነገሩን ጨረሱት፤ ቅቤ የሚያመጣላቸው አይሱዙ ከቡታጅራ ሌሊት ተነስቶ ንጋት ላይ ይገባል። ወይዘሮ ሸምሲያ የማታውን እልቢ በአንድ ማሰሮ፣ ለልጆቻቸው ያስቀመጡትን የቡሬ እርጎ በሌላ አድርገው ኮባ ውስጥ ጠቅልለው ይልካሉ። ለአርኤንኤ ምርመራ እንዲህ የመጣ ወተት አይሆንም፤ ቅባቱን ለመለካት ግን ይበቃል።

ቅዳሜ ንጋት

አብነት ካለችው የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቅቤ ተራ ተገኘሁ። አይሱዙው ቀድሞኛል። ከቅቤው ጥቅሎች መሃል በእርጥብ ኮባ የታሰሩ ሁለት የፕላስቲክ ማሰሮዎች ወጡ። አንደኛውን ሳልነካ በረዶ ላይ አስቀመጥኩ። እርጎውን እትዬ ራህመት ተቀብለው በሁለት እጃቸው መናጥ ጀመሩ። የጎረቤት ነጋዴዎች ተሰበሰቡ። ትናንት እልል ያልኩት እኔ መሆኔን ሁሉም ሰምቷል።

ናጡ፣ ናጡ፣ ደከማቸውና ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ደከመኝና ለእልልታዬ ብቅ ያለችው ሴት ተቀበለችኝ። «አንቺ፣ ይቺ ላም ውኃ ነው እንዴ የምትታለበው?» አለች። በመጨረሻ ሲከፈት ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ የማትሞላ ቅቤ ተንሳፋለች። እትዬ ራህመት ከእሷ ቆንጥረው እጃቸው ጀርባ ላይ አደረጉ። አልቀቡትም። ራሱ ሟሟና ወደ አንጓቸው ወረደ።

አስሩን ብልቃጥ እንደ ትናንቱ መልሼ አሰለፍኩ፤ ሰባተኛዋን ደግሞ ከሳጥኔ አውጥቼ ባዶ አደረግኋት። የቡሬን ቅቤ ከተትኩባት። እትዬ ራህመት ብልቃጧን ተቀበሉኝና ሰልፉ ላይ፣ ከሁሉም በስተቀኝ፣ መጨረሻ ላይ አቆሟት። ወረቀቴም ላይ ቡሬ ያለችው መጨረሻ ላይ ነው። አቅፌ ሳምኳቸው፤ ቅቤ በቅቤ ሆንን።

ልሄድ ስነሳ ለመንገድ ሩብ ኪሎ ለጋ ቅቤ በኮባ ሸፍነው ሰጡኝና ሒሳብ አልቀበል አሉ። «ይሄኛው የሚበላ ነው» አሉኝ።

ደብረ ብርሃን

በላምበረት ወጥቼ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ልብሴን ሳልቀይር ወደ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። የቡሬ ወተት ቅባት ከአስራ አንዱ ላሞች ያነሰው ሆነ። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሦስቴም ያው ነው።

ሰኞ ስብሰባው ላይ ጥፋቴን ቀድሜ ተናገርኩ። ዶክተር ታደለ ካዳመጡኝ በኋላ መነጽራቸውን አወረዱ። «የሌሎቹም ማሰሮ ንጹህ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉ። በአስሩ ማሰሮ ውስጥ የየቤቱ ላም ወተት ብቻ እንደነበረ በስልክ አንድ በአንድ ማጣራቴን ብነግራቸውም አልበቃቸውም። አስራ አንዱንም ላሞች እንደገና፣ ሳምንት ሙሉ በየእልቢው፣ ከየላሟ በቀጥታ እንድለካ፣ የሚበሉትንም እንድመዘግብ አዘዙ። ሥራው ግን ይቀጥላል። ከስብሰባው እንደወጣሁ ቅጹን ከፍቼ፣ ከላሟ ዕድሜ በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «በዚህ ሳምንት የውጆ ተራ የማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይህን መጠየቅ ነው፤ ላሟን ብቻ ሳይሆን የላሟን ጎረቤቶችም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ ለወይዘሮ ሸምሲያ ደወልኩና እንደጠረጠርኳቸው ነገርኳቸው። ባልነግራቸውም አያውቁም ነበር፤ ግን ከበደኝ። «ስላልጠየቅሽኝ ነው እንጂ እነግርሽ ነበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ራህመት የነገረችኝ እውነት ነው? ቡሬ ሆድ ውስጥ ቅቤዋን የምታስቀርባት ትንሽ ነገር አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ እሷን ‹ላሜን ተያት፣ ልቀቂያት› ማለት ትችያለሽ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ስንት ጥያቄ ጠይቆኛል። ይህን የጠየቀኝ የለም። አዎ ብላቸው በወደድኩ፤ የሴትዮዋን ስም አንዴ በውሸት አጥፍቻለሁና አሁን ደግሞ በውሸት ላስደስታቸው አልፈለግሁም።

«ገና ነኝ እትዬ ሸምሲያ። ማወቅ ነው የቻልኩት። ማድረግ ገና አልቻልኩም።»

«ኢንሻአላህ ትችያለሽ» አሉ፣ እኔን እንደማጽናናት። ከበስተጀርባ ቡሬ ስትጮህ ተሰማኝ። «እስከዚያው ውጆዬ አለልኝ።»